መንገዱ ነው

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋ ታጥባ፣ ጎማዋ ሳይቀር ጥቁር ቀለም ተቀብታ ግቢው መሐል ቆማለች። ነጭ፣ ከፍ ያለች፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት የመስክ መኪና ናት። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆንም እንዲህ ተኳኩላ ላያት ማንም አይገምትባትም ነበር።

የመኪናዋ ባለቤት ልትገዛት ያሰበችው መምህርት አጎት፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገድ ሲቀይስ የኖረ ሰው ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ “ቀያሹ” ይለዋል። መምህርቷ አባቷን ያጣችው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ደብተር የገዛላት፣ የወላጅ ስብሰባ የተቀመጠላት፣ ብስክሌት ከኋላ ይዞ እየሮጠ ያስተማራት እሱ ነው። “ጋሼ” ትለዋለች እንጂ “አንቱ” ብላው አታውቅም። ሌላው የእህት የወንድም ልጅ ሁሉ አንቱ ሲለው፣ የእሷን “አንተ” እንደ ሽልማት ነበር የሚቆጥረው። “እቺ እኮ ልጄ ናት፣ አንተ ነው የምትለኝ” እያለ ለሰው ያወራል።

እናቷ ኩላሊቷን ከታመመች ሁለት ዓመቷ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ዳገቱን ወጥተው ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ አራት ሰዓት ማሽን ላይ ተኝታ ደሟ ይታጠብላታል። ማሽኖቹ ጥቂት፣ ታማሚው ብዙ ስለሆነ በሰዓቱ ያልደረሰ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ከእጥበቱ ስትወጣ ደግሞ ጉልበቷ ውሃ ይሆናል፤ መኪና ለመጠበቅ መቆም ቀርቶ መቀመጥም ያቅታታል። መምህርቷ ቤት ልትሠራበት ዘጠኝ ዓመት ያስቀመጠችውን አውጥታ መኪና ልግዛ ያለችው ለዚህ ነው።

“ጋሼ፣ ከመውሰዴ በፊት አንድ መካኒክ ቢያያት ምን ይመስልሃል?” አለችው፣ እየፈራች።

ከአጎቷ እናቷ ቀደመች። “ምን? የወንድሜን መኪና? ኧረ በፈጣሪ! ሰው ቢሰማ ምን ይለናል?”

አጎቷ ሳቀ። “ተያት እታለም፣ መምህር አይደለች? ሳትፈትን ማንንም አታሳልፍም” አለ። ከዚያ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀምጦ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት። “ከእኔ ስትወስጂ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጂ።”

እሷም ዓይኗን ጨፍና ወሰደች።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበልና እውነቱን እንነጋገር። ይሉኝታ የምንለው ነገር ስንቱን ጉድ ነው ያደረገው? ከማናውቀው ሰው ስንገዛ ጎማ እንረግጣለን፣ ኮፈን ከፍተን እናሸታለን፣ መኪና ሥር ተኝተን እንፈትሻለን። ዘመድ ሲሸጥልን ግን መመርመር ስድብ ይሆንብናል፤ “አላመነችኝም” ይባላል፤ ቅያሜ ይመጣል። ክፋቱ ሻጩም ይህንኑ ማወቁ ነው። መምህርቷ በክፍሏ ውስጥ ማረጋገጫ የሌለው መልስ የማትቀበል የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የዚያን ቀን ግን ማረጋገጫ መጠየቅ አሳፈራት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪናዋ ያለ ኮሽታ ሄደች። እናቷ ከኋላ ወንበር ትራሷን ተደግፋ “ወንድሜን ዕድሜ ይስጥልኝ” እያለች ትመርቃለች።

በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፍጥነቷ ስልሳ ደርሶ መምህርቷ ነዳጅ መስጫውን በስሱ ስትነካ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ወባ እንደያዘው ሰው ለሦስት ለአራት ሰኮንድ ተርገፈገፈችና ተወች። በሩ ኪስ ውስጥ ያለው የእናቷ የመነጽር ማኅደር ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ።

ሆስፒታል እንደደረሱ ለአጎቷ ደወለች።

“መንገዱ ነው” አላት፣ ሳያስጨርሳት። “እዚያ ጋ አስፋልቱ ሥር አፈሩ ለስላሳ ነው፤ እኔው አይደለሁ የቀየስኩት?”

መንገድ ቀያሽ “መንገዱ ነው” ካለ ማን ይከራከራል? በሳምንቱ በሌላ መንገድ ላይ ሲደገም እንደገና ደወለች፤ “ጎማ ይሆናል፣ ባላንስ አስደርጊ” አላት፤ አስደረገች። በሦስተኛው “ካንዴላ ነው” አላት፤ ካንዴላ አስቀየረች። በአራተኛው ሌላ ነገር ጨረሰ መሰለኝ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። “ልጄ፣ ነገርኩሽ እኮ፣ መንገዱ ነው። አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ።”

“እማ፣ መካኒክ ጋ ልውሰዳት” አለች አንድ ቀን።

“ከጀርባው ሄደሽ? ሆዱ ይብሰዋል! ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ የኖረ ሰው መንገድ ይጠፋዋል?”

ከዚያ ወዲያ እናቷ የወንድሟ ጠበቃ ሆና ቁጭ አለች። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር፣ መምህርቷ አፏን ሳትከፍት፣ ከኋላ “መንገዱ ነው” ትላለች። ትናንት የተነጠፈ፣ የመስመሩ ቀለም ገና ያልደረቀ አስፋልት ላይ ሳይቀር “መንገዱ ነው” ትላለች። አንድ ጊዜማ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆመው ሳለ መኪናዋ እርግፍግፍ ብትል “መንገዱ ነው” ብላ፣ ራሷም ሰምታው በሳቅ ፈረሰች። ሁለቱም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አንድ ሐሙስ ዕለት ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልሄደችም። መምህርቷ ነዳጅ ስትረግጥ ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው አይሰማም። የተቃጠለ ዘይት ሽታ የመኪናዋን ውስጥ ሞላው። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመሩ።

“ወይ ልጄ!” አለች እናቷ።

ከኋላቸው አሸዋ የጫነ ከባድ መኪና ጥሩንባውን ለቀቀው። መምህርቷ ፍሬኑንም የእጅ ፍሬኑንም አንድ ላይ ያዘች። መኪናዋ ከከባዱ መኪና አፍንጫ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። ሰዎች ተሯሩጠው ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። ዳቦ የሚያከፋፍል አንድ ደግ ሰው እናቷን ደግፎ መኪናው ውስጥ ከዳቦ ሣጥኖቹ መሐል አስቀመጣት፤ ሆስፒታል ሲደርሱ ግን አንድ ሰዓት ተኩል አርፍደዋል።

“እናታችን፣ ማሽኑ ለሌላ ተሰጠ” አለች ነርሷ፣ ዓይኗን ሰብራ። “ምናልባት ከሰዓት ክፍት ቦታ ከተገኘ፣ እዚሁ ጠብቁ።”

ጠበቁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቷ ጫማዋ ጠበባት፤ አሥር ሰዓት ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር። መውጣት የነበረበት ውሃ ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። በአልጋ እየገፉ ሲያስገቧት መምህርቷ የእናቷን ጫማ ይዛ በኮሪደሩ ሮጠች፤ በሩ ተዘጋባት። ከዚያ ክፍል እናቷ ወደ መኝታ የተዛወረችው በሦስተኛው ቀን ነው።

መኪናዋ ተጎትታ የገባችው ዳገቱ ሥር ካለው የሰፈሩ ጋራዥ ነበር። የጋራዡን ባለቤት ሁሉም “ጆሮ” ነው የሚለው፤ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ ሞተር ስለሚያዳምጥ ነው። እናቷ ከሞት አፋፍ ስትመለስ መምህርቷ ወደ እሱ ሄደች። ጆሮ ኮፈኑን ከፈተና እጁ ባለበት ቀረ። የካምቢዮ ዘይት መለኪያው ዘንግ ጫፍ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ቀን ተጽፏል። ጽሑፉ የራሱ ነው።

“ይህች የቀያሹ መኪና አይደለችም እንዴ?”

“አጎቴ ነው። አሁን የእኔ ናት።”

ጆሮ አሮጌ ጎማ ስቦ ተቀመጠ። “ለአንቺ ነው የሸጣት?” አለ። “በሽተኛ እናት አለቻት የሚሏት አንቺ ነሽ?”

“እህቱ ናት።”

ጆሮ ጨርቅ አነሳ። “እህቴ፣ እንግዲህ ዋሽቼ አልኖርም፤ ልንገርሽ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ የሚያቀብል ነገር አለ፣ ኮንቨርተር እንለዋለን። ዘይቱ ሲያረጅ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ይይዛል ይለቃል፣ ይይዛል ይለቃል። መኪናዋን የሚያንቀጠቅጣት እሱ ነው። አጎትሽ ያመጣት ገና ሲጀምራት ነው። ‘ዘይቱንና ማጣሪያውን እንቀይርላት፣ አሁን ከደረስንላት ትድናለች’ አልኩት። ‘ተው፣ ልሸጣት ነው፤ ለጊዜው አስተኛልኝ’ አለኝ።”

“አስተኛልኝ ማለት?”

“የጋራዥ ቋንቋ ነው።” ጆሮ እጁን በጨርቅ ይጠራርግ ጀመር፤ እጁ ግን ንጹሕ ነበር። “የሚጨመር ነገር አለ፣ አንድ ጠርሙስ ዘይቱ ላይ ታፈሺበታለሽ። መንቀጥቀጡ ለሦስት ለአራት ሳምንት ይተኛል። በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ሥራውን ይሠራል።”

“አንተም አስተኛሃት?”

“አስተኛኋት። ለማን እንደሚሸጣት አልጠየቅኩትም። ብጠይቅ እጄ እንቢ እንዳይል ፈርቼ ነው መሰለኝ።”

መምህርቷ ፕላስተሩን ላጠችና ቀኑን አነበበች። ቁልፉን ከተቀበለችበት ቅዳሜ ሁለት ቀን ይቀድማል፤ ሐሙስ። ያን ሐሙስ ታስታውሰዋለች። ከሰዓት በኋላ አጎቷ ቤታቸው መጥቶ የእናቷን ያበጠ እግር ጭኑ ላይ አድርጎ አሽቶላት ነበር። “እታለም፣ ከእንግዲህ በሰው መኪና መንገላታት ቀረልሽ” ብሏት ነበር። እናቷ አልቅሳ መርቃዋለች። ከዚህ ጋራዥ ቀጥታ ነበር የመጣው።

መኪና መበላሸቱ አይደለም፤ ዕቃ ይበላሻል። ባዕድ ቢያታልላት ረግማው፣ ተናዳ፣ ትረሳው ነበር። ይህ ግን ብስክሌቱን ይዞ ከኋላ የሮጠው ሰው ነው። ያኔም “ይዤሻለሁ፣ አትፍሪ” ይላት ነበር። ምናልባት ያኔም ለቅቋት ይሆን ብላ አሰበችና፣ እንዲህ ማሰቧ ራሱ አስለቀሳት። አንድ ውሸት ስንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ እንደሚያበላሽ ያን ቀን አየች።

አጎቷ በማግስቱ ፖም በፌስታል ይዞ ሆስፒታል መጣ። መምህርቷ ከእናቷ ክፍል ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችው።

“እንዴት አደረች? እታለም በላች?”

ፕላስተሩን አሳየችው። ወዲያው አወቀው።

“ይህን ያውቁታል?” አለችው።

ፕላስተሩን ትቶ እሷን አየ። “አንቱ አልሽኝ?”

“የጠየቅኩዎትን ይመልሱልኝ።”

“ልጄ፣ ስሚኝ።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “መኪና ሲሸጥ ጉድለት አይወራም፤ ማን ነው የሚያወራው? ሁሉም እንዲህ ነው የሚሸጠው። ደግሞ ዓመት ሁለት ዓመት ትሄዳለች ብዬ ነው። ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር።”

“አራት ጊዜ ደውዬ ጠይቄዎታለሁ።”

“እሱ ከገዛሽ በኋላ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ነው የምልሽ።”

“ከመግዛቴ በፊት ጠይቄ ነበር። ዓይንሽን ጨፍኚ አሉኝ። ባዕድ ቢሆኑ አስመረምራት ነበር ጋሼ። የተታለልኩት ዘመዴ ስለሆኑ ነው። አስበውታል? እምነቴን ነው ወጥመድ ያደረጉብኝ። እማን ይዤ ወደ ኋላ ስንሸራተት፣ ገደል ብንገባ፣ ለቅሶው ላይ ቆመው መንገዱ ነው ሊሉ ነበር?”

የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበርና ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ደካማ ነው፣ ግን ጥርት ያለ።

“ወንድሜ፣ ና ግባ።”

ገባ። እህቱ ትራሱ ላይ ቀና ብላለች። ጮኻ ብትሰድበው ይቀለው ነበር፤ እሷ ግን ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

“አንተ ለእኔ ዋሸህ፣ እሺ። እኔ ግን ያልከኝን ተቀብዬ ለልጄ ስደግምላት ከረምኩ። መካኒክ ጋ ልውሰዳት ስትል ከለከልኳት። መንገዱ ነው፣ መንገዱ ነው እያልኩ እኔው ራሴ ነኝ ወደ ዳገቱ የላክኋት። ልጄ ላይ እኔን ነው ውሸታም ያደረግኸኝ።”

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቀያሹ ፌስታሉን ወንበር ላይ ሊያደርግ ሲል ፖሞቹ መሬት ላይ ተበተኑ፤ ተንበርክኮ መልቀም ጀመረና መሐል ላይ ተወው።

“አውቄ ነው” አለ፣ እዚያው መሬት ላይ እንዳለ። “ተሳስቼ አይደለም እታለም። አውቄ ነው ያደረግኩት። በዚያ ብር ሌላ አዲስ መኪና ቶሎ ለመግዛት ጓጉቼ ነው።”

ከሰበቡ ሁሉ በኋላ የተናገረው የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር። አልጋው ላይ ያለችው እህቱ ውጣልኝ አላለችውም።

ከዚያ ወዲያ ያደረገውን መናገር ይገባል። አዲሷን መኪና እያወጣ በሳምንት ሦስት ቀን እህቱን አመላለሰ፤ አራት አራት ሰዓት በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። በመጨረሻም ያችኑ አዲስ መኪና ሸጠና የአሮጌዋን ካምቢዮ ከነኮንቨርተሩ አስቀየረ። ለገዢው የመኪናውን ጉድለት ሁሉ፣ የማይዘጋውን የኋላ መስኮት ሳይቀር፣ ሳይጠየቅ ነገረው፤ ገዢው ግራ ገብቶት “ታዲያ ለምን ይሸጡታል?” እስኪለው ድረስ። ጆሮም ጋራዡ በር ላይ ካርቶን ሰቀለ፦ “እዚህ መኪና ይታከማል እንጂ አይተኛም።” አላፊ አግዳሚው ማቆም የተከለከለ እየመሰለው ይስቃል፤ የገባው ገብቶታል።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ከዘመድም ቢሆን አስመርምራችሁ ግዙ፤ ዘመድነቱም የሚተርፈው ያኔ ነው። የምትሸጡ ደግሞ እስክትጠየቁ አትጠብቁ። ያ መንቀጥቀጥ በጀመረ ጊዜ ቢነገር ኖሮ ዘይትና ማጣሪያ በመቀየር ያልቅ ነበር። ስለተደበቀ ግን አንድ ካምቢዮ በላ፤ አንዲት እናት ልትሞት ነበር። ሦስተኛውን ነገር፣ መተማመንን ደግሞ ጋራዥም ሆስፒታልም አይጠግነውም።

መኪናዋ ከጋራዥ በወጣች በሁለተኛው ሳምንት ሦስቱም ወደ ሆስፒታል እየሄዱ ነው። መምህርቷ ትነዳለች፤ አጎቷ አጠገቧ ነው፤ እናቷ ከኋላ ትራሷን ተደግፋለች። ወሬው ጥቂት ነው። ዳገቱን ያለ ችግር ወጥተው፣ ጫፉ ላይ ካለው መታጠፊያ ሲደርሱ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። የመነጽሩ ማኅደር በሩ ኪስ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ።

መምህርቷ እግሯን ከነዳጅ መስጫው አነሳች።

አጎቷ በመስኮቱ ወደ ታች አየ፤ ሠላሳ ዓመት ሲያየው የኖረውን ነገር ነው ያየው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

“መንገዱ ነው” አለ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

መምህርቷ ዳር ይዛ መኪናዋን አቆመች። “ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ወርጄ ልየው።”

“እይው” አላት። “እይው ልጄ።”

ወረደች። ወደ ኋላ ሄዳ ቁጢጥ አለችና መዳፏን አስፋልቱ ላይ አደረገች። ከባድ መኪኖች ከመታጠፊያው በፊት ፍሬን ሲይዙ ገፍተው ያሸበሸቡት አስፋልት ነው፤ ሽብሽቡ መዳፏ ሥር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አጎቷ እውነቱን ነበር። ተነሥታ ስትመለስ በመስኮቱ አየችው፤ ወረቀቱ እንደሚታረምለት ተማሪ እጆቹን ጉልበቱ መሐል አድርጎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ዕንባ አቅርሯል። ልቧ አዘነለት፤ ወርዳ በማየቷ ግን አልተጸጸተችም።

ተመልሳ ገባችና ቀበቶዋን አሰረች።

“ምንድን ነው?” አለች እናቷ ከኋላ።

“መንገዱ ነው፣ እማ።”

“አይተሽ ነው?”

“አይቼ ነው።”

“እንግዲያው ንጂ፣ ተራዬ እንዳያልፈኝ።”